የትርንጎ ነፋስና የካንዴላው ቁልፍ

ይህን ወሬ የሰጠችኝ ዘቢባ ናት፤ ፍየል የምታረባዋ፣ ከታች በኩል ሦስተኛው ቤት። ግማሹን በዓይኗ አይታ፣ ግማሹን ከልብስ ሰፊው ከሙክታር አፍ ለቅማ ነው ያመጣችልኝ። መጨረሻውን ግን ለእሷም የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የመጣው እኔ ደጅ ነዋ።

እንግዲህ ስሙኝ። ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በእኛ መንደር አንዲት ሴት ነፋስ አማራት።

ነፋስ ነው ያልኩት። ሥጋ አይደለም፣ ማር አይደለም። ትርንጎ ትባላለች፤ ከእኔ ቤት በአጥር ብቻ የምትለይ ጎረቤቴ ናት። እግሯ ከከዳት ስምንት ወሯ ነው። ሐኪሙ ባሏን ጋሽ መርዕድን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «የምትፈልገውን ስጧት» ብሏቸዋል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ለሁላችንም ገብቶናል። ችግሩ፣ ትርንጎ ምንም አትፈልግም። ሾርባ ሲያመጡላት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ታዞራለች። ሙዝ ሲሏት አልፈልግም፣ ሬዲዮ ሲሏት አልፈልግም። አንድ ቅዳሜ ግን፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ አፏን ከፈተችና፣ «መርዕድ፣ ደንገጎ ወጥቼ ነፋስ ቢነካኝ» አለች። እንዴት ሰማሽ አትበሉኝ። ሰማሁ።

ደንገጎን ለማያውቅ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። እዚህ ላብ ሲያጠምቀን እዚያ ሰው ጋቢ ይደርባል። ባጃጅ አይወጣውም። ሚኒባስ ይወጣዋል፤ ግን የትርንጎ እግር አይታጠፍም፣ ካልተዘረጋች መሄድ አትችልም። ወንበሯ እንደ አልጋ ወደ ኋላ የሚተኛ መኪና አንዲት ብቻ አለች፤ ጓሮ የቆመችው የጋሽ መርዕድ አሮጌ ሰማያዊ መኪና። እኛ ሰማያዊዋ ነው የምንላት።

ጋሽ መርዕድ ሠላሳ ዓመት ባቡር የነዱ ሰው ናቸው፤ ሞተር ሲናገር ይሰማሉ። ሰማያዊዋን አስነሷት። ሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ በሦስት እግሯ እንደምታነክስ በቅሎ ሆነች። እሳቸውም አጥፍተው ወረዱና፣ «አንዱ ካንዴላ ሞቷል። የቀሩትም እያጣጣሩ ነው» አሉ። ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ ገብቶ እሳት የሚጭረው ነው። አራት ናቸው። አራቱም እሳታቸውን ካልጫሩ መኪና ሜዳ ላይ ይንፏቀቃል እንጂ ዳገት አይወጣም። አዳዲሶቹ አራት ካንዴላዎች በጨርቅ ተጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አሉ። አሮጌዎቹን የሚነቅለው ቁልፍ ግን የለም። ቁልፉ እንደ ቧንቧ ረጅም ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ካንዴላውን የሚይዝ። ከስድስት ወር በፊት ለሙክታር አውሰውታል።

ቁልፍ ከሌለ ካንዴላው አይወጣም። ካንዴላው ካልወጣ ሰማያዊዋ ዳገት አትወጣም። ሰማያዊዋ ዳገት ካልወጣች ትርንጎ ነፋስ አታገኝም።

እዚህ ላይ ስለ መንደራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ ማዋስ እንጂ መመለስ የለም። ክፋት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። የተዋሱት ዕቃ ወር ካለፈው ባለቤቱ «መልስልኝ» ማለት ያፍራል፣ ሰሰተ እንዳይባል። የወሰደውም መመለስ ያፍራል፣ ከመለሰ እስከ ዛሬ መያዙን አመነ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ይላሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ጤና ብቻ ይጠያየቃሉ፣ ሰላምታቸውም ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ይሄዳል። ለዚህ ነው መንደራችን ውስጥ አንድም ዕቃ ባለቤቱ ቤት የማይገኘው።

ጋሽ መርዕድ ግን በዚያ ቅዳሜ ይሉኝታቸውን ዋጥ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

ሙክታር በረንዳው ላይ የሠርግ ልብስ እየሰፋ ነበር።

«እንደምን አደርክ ሙክታር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ። እርስዎስ? እትዬ ትርንጎስ? ቤቱስ? ጎረቤቱስ?»

«ሁሉም ደህና ነው። ቁልፉን ፈልጌ ነበር።»

ሙክታር ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው። «የቱን ቁልፍ?»

«የካንዴላውን።»

ሙክታር በጣቱ ወደ ታች አሳየ። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ አንድ እግሩ ተሰብሯል። በተሰበረው እግር ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመው የጋሽ መርዕድ ቁልፍ ነው።

«ይህን ከነቀልኩ መኪናው ከነጠረጴዛው ጭኔ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ጋሼ። የሰኞ ሠርግ ይዣለሁ። ለእግሩ የሚሆን እንጨት አለኝ፣ ሚስማር አለኝ። መዶሻ ነው የሌለኝ።»

«መዶሻህ የት ሄደ?»

«ዘቢባ ጋ ነው። እንዴት ብዬ ልጠይቃት፣ አቦ? ሰባት ወር ሙሉ በሰላም ስንኖር ዛሬ በመዶሻ ልጣላት?»

እንግዲህ መዶሻ ከሌለ ቁልፉ አይነቀልም። ቁልፉ ካልተነቀለ ካንዴላው አይወጣም። ካንዴላው ካልወጣ ሰማያዊዋ ዳገት አትወጣም። ሰማያዊዋ ዳገት ካልወጣች ትርንጎ ነፋስ አታገኝም።

ጋሽ መርዕድ ወደ ዘቢባ ሄዱ። ዘቢባ የፍየሏ በረት በር ላይ ተደግፋ ቆማለች።

«ይግቡ፣ ጋሽ መርዕድ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት።»

«አልቀመጥም። ለሙክታር መዶሻ ነው የመጣሁት።»

«እሱ አፍ የለውም? ለሠርግ ሰፋሁ ብሎ ኮራ?»

«አፍሮ ነው።»

«እኔስ አላፍርም እንዴ?» አለችና ከበሩ ዘወር አለች። ባረጀው የበረት በር ሁለት ቀለበቶች ውስጥ የሙክታር መዶሻ እጀታው ተሰክቷል፤ መወርወሪያ መሆኑ ነው። በስንጥቁ በኩል ፍየሏ በአንድ ዓይኗ ታያቸዋለች። «ያያሉ አስተያየቷን? ይህን መዶሻ ከሳብኩት ትወጣለች። ከወጣች ደግሞ ምሳዋ ያ ሙክታር የሚሰፋው የሠርግ ልብስ ነው። ገመድ ቢኖረኝ ከግንዱ ጋ አስሬያት መዶሻውን አሁኑኑ እሰጥዎት ነበር።»

«ገመድሽስ?»

«ፀጉር አስተካካዩ ደጀኔ ጋ። ለአንድ ቀን ብሎኝ ነው የወሰደው።»

«መቼ?»

«ረመዳን ከመግባቱ በፊት።»

«ረመዳን ካለፈ ስንት ወሩ ነው፣ ልጄ?»

ዘቢባ ለፍየሏ ሣር መስጠት ጀመረች።

እንግዲህ ገመድ ከሌለ መዶሻው አይሰጥም። መዶሻው ካልተሰጠ ቁልፉ አይነቀልም። ቁልፉ ካልተነቀለ ካንዴላው አይወጣም። ካንዴላው ካልወጣ ሰማያዊዋ ዳገት አትወጣም። ሰማያዊዋ ዳገት ካልወጣች ትርንጎ ነፋስ አታገኝም።

ጋሽ መርዕድ ወደ ደጀኔ ሄዱ፤ ዘቢባም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወሬው እንዳያመልጣት፣ ከኋላ ከኋላ። ደጀኔ ደጁ ላይ፣ በሸራው ጥላ ሥር ሰው እየላጨ ነው። ግማሹን ፊት ላጭቷል፣ ግማሹ ሳሙና ነው።

«ደጀኔ፣ የዘቢባን ገመድ መልስላት።»

«ጋሼ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አለ ደጀኔ። ቀና አሉ። ሸራው ከወዲያ በኩል ከኒም ዛፉ ጋ የታሰረው በዘቢባ ገመድ ነው። «ይህን ከፈታሁ ሸራው ይወርዳል፣ ፀሐይዋም ደንበኛዬ አናት ላይ ትቀመጣለች። እኔ መቼ ገመድ አጣሁ? ግድግዳው ላይ የብረት ቀለበት አለልኝ፤ ሸራዬን እዚያ ብሰቅለው የማንንም ገመድ አልፈልግም። ቀለበቱ ግን ከፍ ያለ ነው፣ ያለ መሰላል አልደርስበትም።»

«አንተ መሰላል አልነበረህም?»

«ነበረኝ። እትዬ ብርቄ ወሰዱት። ጣራ ላይ በርበሬ ላስጣ ብለው፣ ኅዳር ላይ።»

«ከኅዳር እስከ ሐምሌ የማይደርቅ በርበሬ አለ?» አለ ግማሹን የተላጨው ሰውዬ።

«ዝም በል፣ ጉሮሮህ እኔ እጅ ላይ ነው» አለው ደጀኔ።

እንግዲህ መሰላል ከሌለ ገመዱ አይፈታም። ገመዱ ካልተፈታ መዶሻው አይሰጥም። መዶሻው ካልተሰጠ ቁልፉ አይነቀልም። ቁልፉ ካልተነቀለ ካንዴላው አይወጣም። ካንዴላው ካልወጣ ሰማያዊዋ ዳገት አትወጣም። ሰማያዊዋ ዳገት ካልወጣች ትርንጎ ነፋስ አታገኝም።

ብርቄ ማለት እኔ ነኝ።

ሲመጡ አየኋቸው፤ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ሳላይ የቀረሁበት ቀን የለም። ከሙክታር ሲወጡ አየሁ፣ ከዘቢባ ሲወጡ አየሁ፣ ከደጀኔ ወጥተው ወደ እኔ ሲዞሩ ግን በሩን ልዝጋ ወይስ ልክፈት እያልኩ ሳመነታ ደረሱ።

«ብርቄ፣ የደጀኔን መሰላል መልሺ።»

«በርበሬው አልደረቀም» አልኳቸው።

ጋሽ መርዕድ ጣራዬን አዩት። ጣራዬ ላይ አንድ አሮጌ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው ያለው። ቀጥለው መሰላሉን አዩት። መሰላሉ ጣራው ላይ አልተደገፈም፤ አጥሩ ላይ ነው የተደገፈው፣ የላይኛው መርገጫ ብዙ ከመረገጡ የተነሳ ያብረቀርቃል። ከአጥሩ ማዶ ያለው የራሳቸው መስኮት ነው። ከመስኮቱ ማዶ የትርንጎ አልጋ ነው።

ዘቢባ ከኋላቸው ሆና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«በቀን ስንቴ ነው የምትወጪው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ሾርባዋን መቅመሷን አይቼ እወርዳለሁ።»

ነገሩን ልንገራችሁ፣ መቼም ከእኔ ካልሰማችሁት ከሌላ ትሰሙታላችሁ። በእኔና በትርንጎ ግቢ መካከል፣ አጥሩ ላይ ትንሽ በር ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች በር ጨው ስንበዳደር፣ ልጅ ስናሻግር፣ ሐሜት ስናቀባብል ኖረናል። ትርንጎ በወደቀች በሳምንቷ እኔ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሰው ሲጠይቀኝ፣ «ትርንጎማ ከእንግዲህ አትነሳም» አልኩ። በክፋት አልነበረም፤ አፌ ነው የቀደመኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትርንጎ ቤት ገባ። ማታ ስመለስ በሩ በሽቦ ታስሯል፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉ በፒንሳ ተጠምዝዞ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። በነጋታው ደጀኔ ጋ ሄጄ መሰላሉን ተዋስኩ።

«መሰላሉን ከሰጠሁ በምን አያታለሁ?» አልኳቸው። «ሽቦው ይፈታ፣ መሰላሉን ራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ።»

«ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ያሳሰረችኝ ግን እሷ ናት» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ሳትፈቅድ አልፈታውም።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔ ወዲያው መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

ጋሽ መርዕድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጇን ያዙ። «ትርንጎ፣ ነፋስሽ ተይዟል» አሏት።

«ማን ያዘው?»

«እኛው ነን» አሉና የማን ዕቃ ማን ጋ እንዳለ ቆጠሩላት። «ሽቦው ካልተፈታ መሰላሉ አይወርድም። መሰላሉ ካልወረደ ገመዱ አይፈታም። ገመዱ ካልተፈታ መዶሻው አይሰጥም። መዶሻው ካልተሰጠ ቁልፉ አይነቀልም። ቁልፉ ካልተነቀለ ካንዴላው አይወጣም። ካንዴላው ካልወጣ ሰማያዊዋ ዳገት አትወጣም። ሰማያዊዋ ዳገት ካልወጣች አንቺ ነፋስ አታገኚም።»

የትርንጎ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነበር።

«ቁልፍህን ሙክታር የወሰደው መዶሻው ዘቢባ ጋ ሄዶበት፣ መዶሻውን ዘቢባ የወሰደችው ገመዷ ደጀኔ ጋ ሄዶባት፣ ገመዱን ደጀኔ የወሰደው መሰላሉን ብርቄ ወስዳበት፣ መሰላሉን ብርቄ የወሰደችው እኔ በሩን አሳስሬባት» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «መንደሩን ሁሉ ያሰርኩት እኔ ነኛ።»

«አንቺ ነሽ።»

«መርዕድ፣ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ ያልኩህ ለምን መሰለህ?»

«ለብርሃኑ ብለሽ።»

«የምን ብርሃን? የዚያች የብርቄ ቀይ ሻሽ አጥሩ ላይ ብቅ ካላለ ሁለቱም ማንኪያ አይወርድልኝ። እንደምታየኝ አውቃለሁ። እንድታየኝ ነው ያዞርኩት።» ከዚያ አንገቷን ወደ መስኮቱ መለሰችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አንቺ ብርቄ፣ ውረጂ ከዚያ። እግርሽን ሰብረሽ ሁለት ልንሆን ነው?»

አንድ መርገጫ ወረድኩ።

«መርዕድ፣ ፒንሳህን አምጣና ሽቦውን ፍታው» አለች።

ሽቦው ተፈታ። የበሯ ማጠፊያ ዝጎ ስለነበር በትከሻ ነው የተገፋችው። እኔ ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

«አትነሳም ብዬሻለሁ» አልኳት።

«አልተነሳሁም እኮ» አለችኝ። «ቁጭ በይ።»

ሽቦው ቢፈታ መሰላሉ ወረደ፤ እንዳልኩት ራሴ ተሸክሜ ደጀኔ ጋ አደረስኩት። መሰላሉ ቢመጣ ደጀኔ ወጥቶ ሸራውን ቀለበቱ ላይ ሰቀለና ገመዱን ፈታ። ገመዱ ቢፈታ ዘቢባ ፍየሏን አሰረችና መዶሻውን ከበሩ ሳበች። መዶሻው ቢሳብ ሙክታር እንጨቱን በሚስማር መታና ቁልፉን ነቀለ። ቁልፉ ቢነቀል ሁሉም ተከትለው ጋሽ መርዕድ ጓሮ ገቡ፤ ግማሹን የተላጨው ሰውዬም አልቀረም።

ጠዋት የሞቀው ሞተር ቀዝቅዟል። ጋሽ መርዕድ በካንዴላዎቹ ዙሪያ ያለውን አሸዋ በብሩሽ ጠረጉ፤ የድሬ አሸዋ ጉድጓዱ ውስጥ ከወደቀ ሞተሩን ይበላዋል ብለው። ካንዴላዎቹ ላይ የተሰኩት የኤሌክትሪክ ገመዶች እንዳይለዋወጡባቸው ከሙክታር አራት ዓይነት ክር ተቀብለው፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር፣ በየገመዱ ላይ አሰሩ። አንዱን ነቀሉ፣ አዲሱን ተኩ፤ ሌላውን ነቀሉ፣ ተኩ። የሞተው ጥቁሩ ክር ያለው ነበር፤ አፉ ጥላሸት ለብሶ፣ ዘይት ጠጥቶ። አዲሱን መጀመሪያ በጣታቸው ነው የሚያዞሩት፣ ቀስ እያሉ።

«በቁልፉ ያጥብቁታ፣ ጋሼ» አለ ደጀኔ።

«ካንዴላ በጉልበት አይገባም። መጀመሪያ ጥርሱ መንገዱን ማግኘት አለበት» አሉ። በመጨረሻ በቁልፉ ጥቂት ብቻ ጠበቅ አደረጉትና ገመዱን ሰኩ።

አስነሷት። አንዴ ሳለች። ከዚያ ድምፅዋ ተስተካከለ፤ አራቱም እግሯ መሬት ነካ። ጋሽ መርዕድ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆይተው ባርኔጣቸውን ደፉ።

ትርንጎን ሙክታርና ደጀኔ ከነፍራሿ ተሸክመው በተኛው ወንበር ላይ አስተኟት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ደገፍኩ። ከከተማው ወጣን። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጋሽ መርዕድ ማርሽ ሲቀንሱ ሰማያዊዋ አጉረመረመች፣ ግን ወጣች። ሰባተኛው ላይ ሙቀቱ ለቀቀን። አናቱ ላይ ስንደርስ ጋሽ መርዕድ መኪናዋን ወደ ሜዳው አዙረው አቆሙና መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ።

ነፋሱ ገባ። ሻሿን ገፎ ወደ እኔ ጣለው። ፀጉሯ ስስ ሆኗል፣ ነጭ ነው፤ ተነሳና ፊቷ ላይ ተበተነ። ልሰበስብላት እጄን ስዘረጋ፣ «ተዪው» አለችኝ።

ብዙ ቆየን። ድሬ ከታች በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ነበረች። ትርንጎ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ጣቶቿን ዘረጋች።

«ብርቄ» አለች።

«አቤት።»

«ሙዝ አምጥተሻል?»

«አምጥቻለሁ።»

«ላጪልኝ እስቲ።»

ሙሉውን በላች።

ሙክታር የሠርጉን ልብስ ለሰኞ አደረሰ። የዘቢባ ፍየል ሁለት ወለደች። ደጀኔ የሰውዬውን ግማሽ ጢም በነጋታው ጨረሰለት። መሰላሉን አሁን ዘቢባ ተውሳዋለች፤ አልመለሰችም። ትርንጎ ደንገጎን አራት ጊዜ ወጣች፤ በኅዳር አረፈች። ጋሽ መርዕድ በየወሩ ካንዴላዎቹን አውጥተው ጠርገው ይመልሷቸዋል፤ ክሮቹ እስካሁን አሉ። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። ሽቦው የት እንደገባ አላውቅም። የአጥሯ በር ክፍት ናት፤ ጠዋትና ማታ ሾርባ ይዤላቸው እገባለሁ።